የቢሮ ስልክ ቁልፎችና ስሞቻቸው

በስደት አገር ቢሮ ሥራ የጀመረ ሰው ኮምፒዩተሩን ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚያስቸግረው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስልክ ነው። ስልክ የማያውቅ የለም ተብሎ ስለሚታሰብ ማንም አያስረዳም፣ መመሪያውም የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ አሜሪካ ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ስሠራ ለአዲስ ገቢ የአገሬ ልጆች በቃል እነግራቸው የነበረውን እዚህ ላስፍረው።

በመጀመሪያ ሆልድና ሚዩት አንድ አይደሉም። ሆልድ ሲጫኑ መስመሩ ሳይቋረጥ ይቆያል፤ የደወለው ሰው አይሰማችሁም፣ እናንተም አትሰሙትም፣ ብዙውን ጊዜ ሙዚቃ ይለቀቅለታል። እጀታውን አስቀምጣችሁ ፋይል ፍለጋ ብትሄዱም ሰውየው ይጠብቃል። ሚዩት ግን የሚዘጋው የእናንተን ድምፅ ብቻ ነው። እሱ ሲናገር ትሰማላችሁ፤ እጀታውን ከመለሳችሁት ስልኩ ተዘጋ። የእጀታውን አፍ በመዳፍ ሸፍኖ ከጎን ካለ ባልደረባ ጋር በአማርኛ ማውራት ከሁለቱም አይቆጠርም። በተለይ ዋሽንግተን አካባቢ የደወለው ሰው አማርኛ ሊሰማ ይችላል!

ትራንስፈር ማለት ጥሪን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ሲሆን ሁለት መንገድ አለው። ተቀባዩን ሳያናግሩ ወርውሮ መውጣት ብላይንድ ትራንስፈር ይባላል። መጀመሪያ ተቀባዩን አግኝቶ ማን እንደደወለና ጉዳዩን ነግሮ ማገናኘት ደግሞ ዋርም ትራንስፈር ይሉታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጉዳዩን አንዴ የተናገረ ደንበኛ እንደገና ከሀ ጀምር ሲባል ይናደዳል፤ ቅሬታ የሚያቀርበውም መጀመሪያ ስልኩን ባነሳው ሰው ላይ ነው። አነጋገሩ ለየት ያለ ስደተኛ ከሆነማ ማስታወሱም አይከብድም።

ኤክስቴንሽን አገር ቤት «የውስጥ መስመር» የምንለው ነው። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ቮይስሜይል ተቀምጦላችኋል ማለት ነው። መልእክቱን ስትከፍቱ የተቀዳው ድምፅ «ፓውንድ» ተጫኑ ቢላችሁ የእንግሊዝን ገንዘብ ምልክት አትፈልጉ፤ # ነው። እንግሊዞች ሀሽ ይሉታል።

ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለባችሁ ወደ ውጭ የሚያስደውለውን ቁጥር ነው። በብዙ የአሜሪካ ቢሮዎችና ሆቴሎች ከሕንፃው ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ቴክሳስ፣ ማርሻል ከተማ፣ ካሪ ሀንት የተባለች ሴት ሆቴል ክፍል ውስጥ በባሏ ስትገደል የ9 ዓመት ልጇ 911ን አራት ጊዜ ደውላ አልሠራላትም። የሆቴሉ ስልክ አስቀድሞ 9 ይፈልግ ነበር፤ ልጅቷ ይህን በምን ታውቃለች? በ2018 በእናትየው ስም የተጠራው ሕግ ጸደቀ። 911 ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር በቀጥታ መግባት አለበት ይላል። ነገር ግን ግዴታው ከየካቲት 16 ቀን 2020 በኋላ ለተሠሩ፣ ለተሸጡ ወይም ለተተከሉ የስልክ ሥርዓቶች ነው። የቆየ ማዞሪያ ያለው ቢሮ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ እንጂ 911 ደውላችሁ አትሞክሩ። አውሮፓ ያላችሁም ስለ 112 ይህንኑ ጠይቁ፤ የአሜሪካው ሕግ እናንተ ዘንድ አይደርስም።

ሌላም ነገር አለ። አለቃችሁ ፈቅዶ 9 ከሚያስጠይቅ ስልክ አገር ቤት ስትደውሉ የምትጫኑት 9፣ ከዚያ 011፣ ከዚያ 251 ነው። በጥድፊያ ዜሮዋን ከዘለላችኋት የተጫናችሁት 911 ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ደንግጣችሁ አትዝጉ። ዝም ብሎ የተዘጋ ጥሪ አደጋ ሊሆን ይችላል ተብሎ መልሰው ይደውላሉ፣ ፖሊስም ሊልኩ ይችላሉ። መስመሩ ላይ ቆይታችሁ በስሕተት መደወላችሁንና ደህና መሆናችሁን ንገሯቸው፤ ከዚያ ዝጉና እንደገና ደውሉ።