ባሌስትራና ጎማ፤ መኪናን ከፍ የማድረግ ታሪክ በአገራችን

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ስለ ነገሥታት፥ አንዳንዶቹም ስለ ጦር ሜዳ ሲጽፉ እኛ ስለ ባሌስትራና ስለ ጎማ ለመጻፍ መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። በምንኖርበት በገላን ኮንዶሚኒየም ባለፈው ክረምት አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር በብሎካችን ግቢ በክሪክ ተነሥቶ፥ በባሌስትራው ላይ ሌላ ብረት ተጨምሮበት፥ ጎማውም በትልቅ ጎማ ሲለወጥ አየን። ማየት ብቻም አይደለም፤ መፍቻ እያቀበልን፥ ብሎን እያጠበቅን ረዳን። ከዚያ በኋላ ነው ይህ ነገር በአገራችን ከመቼ ጀምሮ እንደ መጣ መጠየቅ የጀመርነው።

የመኪናው ባለቤት የአንደኛችን አጎት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ሥራቸው ከአስፋልቱ ወጣ እያሉ ከገበሬ ጤፍ መግዛት ነው። የአቃቂን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ ዋልካው በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ጋሼም በሐምሌ አንድ ሌሊት ሙሉ በዚያ ጭቃ ውስጥ ተይዘው አድረው፥ ንጋት ላይ አንድ ገበሬ በሬዎቻቸውን ጠምደው አወጧቸው። በማግሥቱ «ይህችን መኪና ከፍ ሳላደርጋት ሁለተኛ ወደ ገጠር አልወጣም» አሉ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባል አውቶሞቢል ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ነድቶ ለዐፄ ምኒልክ አመጣ። የዚያን ዘመን አውቶሞቢል ፎቶግራፍ ያየ ሰው የሚያስተውለው የመንኰራኵሩን ትልቅነትና የወለሉን ከፍታ ነው። ይህም የሆነው ለጌጥ አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካም ቢሆን አብዛኛው መንገድ የጋሪ መንገድ ስለ ነበረ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 ጀምሮ የተሠራው ፎርድ ቲ የጎማው ቁመት 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። የጋሼን ላንድ ክሩዘር አሮጌ ጎማ ስንለካው ያው 76 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ስላገኘነው በጣም ሣቅን። ነገር ግን ፎርድ ቲ ቢበዛ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ መኪናው ከፍ ቢልም ዝግ ብሎ ይሄድ ነበርና ከፍታው እንደ ዛሬው አያስፈራም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የካሚዮን ዘመን ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረራ በያዙበት ጊዜ ለጦራቸው ሲሉ መንገድ ሠሩ፤ ካሚዮንም በብዛት አስገቡ። ከእነዚህ መካከል ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ የጠሩት ፊያት 634 ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ፥ ነገር ግን እጅግ ዝግተኛ ካሚዮን ነበር። ጠላት ተሸንፎ ሲወጣ ካሚዮኑና ቃላቱ ቀሩ። ጎማ፥ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ክሪክ፥ ሞላ፥ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ባሌስትራ የሚለው ቃል ደግሞ በጣሊያንኛ የመኪናውን ተደራራቢ ብረት ብቻ ሳይሆን የጥንቱን የጦር ቀስትም ይጠራል። እውነትም ብረቱ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት ይለጠጣል፥ ሲወርድለት ተመልሶ ይጎብጣል። ይህን ያወቅነው የቃላቱን ዝርዝር ስናዘጋጅ ነው፤ ከሥራችን ሁሉ ደስ ያሰኘንም ይኸው ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መንገዱም እየተሻሻለ ሲሄድ መኪናው ዝቅ አለ። ወላጆቻችን የሚያስታውሷት የአዲስ አበባዋ ታክሲ ሴቼንቶ ትንሽና ለመሬት የቀረበች ነበረች። ለገጠር ግን ሌላ ዐይነት መኪና መጣ፤ ላንድ ሮቨር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ተሠራ፤ በ1951 ዓ.ም. የተጀመረው የቶዮታ ጂፕም በ1954 ዓ.ም. ላንድ ክሩዘር የሚለውን ስም አገኘ። ሁለቱም በአራቱም እግራቸው ባሌስትራ የነበራቸው፥ ለጭቃና ለድንጋይ የታሰቡ ነበሩ።

ባሌስትራ መጨመር በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የታወቀው ለከፍታ ሳይሆን ለጭነት ይመስለናል። አይሱዙ ያለው ሰው ከፋብሪካው ልክ በላይ ለመጫን ሲፈልግ አንድ ሁለት ብረት ያስጨምራል፤ መኪናውም ባዶውን ሲሆን ኋላው ከፍ ብሎ ይታያል። ጋሼም መንገዱን የተማሩት ከዚያ ነው። ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣው ማንሻ ዕቃ ውድ ስለሆነባቸው ከምናለሽ ተራ አሮጌ የካሚዮን ባሌስትራ ገዝተው፥ በልክ አስቆርጠው፥ ከነባሩ ጋር አሰሩት።

እኛ በበኩላችን በሜትር ለካን። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከመሬት እስከ መኪናው መወጣጫ 45፥ ከመሬት እስከ ዲፈረንሻሉ 20 ሳንቲ ሜትር ነበር። ባሌስትራው ከተጨመረ በኋላ መወጣጫው 52 ሆነ፤ ዲፈረንሻሉ ግን ያው 20 ነው! ደግመን ለካን፤ ለውጥ የለም። ባሌስትራ የሚያነሣው በላዩ የተቀመጠውን አካል ብቻ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር ታች ይቀራል፤ ድንጋይና ጭቃ የሚይዘው ደግሞ እሱኑ ነው። ዲፈረንሻሉን የሚያነሣው ጎማ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያነሣው የቁመቱን ጭማሪ እኩሌታ ብቻ ነው። ከ76 ወደ 84 ሳንቲ ሜትር ቢለወጥ 8 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ የምናገኘው 4 ነው። በመጨረሻም መወጣጫው 56፥ ዲፈረንሻሉ 24 ሆነ። ጋሼ ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ያን ሁሉ ብረት ለምን አሸከምኳት?» ብለው ጠየቁን። እኛም ትልቁ ጎማ ከጭቃ መከላከያው ቆርቆሮ ጋር እንዳይፋተግ ትንሽ ከፍታ ያስፈልጋል እንጂ ይህን ያህል አያስፈልግም ብለን መለስንላቸው፤ እርሳቸው ግን «ታምራለች» አሉና ተዉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ደብረ ዘይት ስንሄድ ከእኛ ሦስታችን አብረናቸው ነበርን። ከዱከም ወዲህ አንዲት አህያ በድንገት መንገድ ገባች። ጋሼ መሪውን ወደ ግራ መለሱ፤ ወዲያው ደግሞ ከፊት ለፊት ካሚዮን ስለ መጣ ወደ ቀኝ መለሱት። በዚያች ቅጽበት መኪናዋ በአንድ ጎኗ ተንጠልጥላ፥ የቀኙ ጎማዎች መሬት የለቀቁ መስሎን በፍርሃት ጮኽን። በእግዚአብሔር ቸርነት ተመልሳ ቆመች፤ አህያይቱም ተረፈች። ጋሼ ከመኪናው ወርደው መንገድ ዳር ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «እኔኮ በ80 ነበር የምሄደው» አሉ በመጨረሻ።

ነገር ግን በ80 አልነበሩም። የፍጥነት መቁጠሪያው የተበጀው ለ76ቱ ጎማ ነው፤ 84ቱ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ከመቶ ዐሥር ያህል ስለሚበልጥ፥ መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው በ88 ይሄዳል። በዚያው ልክ ጎማው ትልቅ በሆነ መጠን ፍሬኑ ጎማውን ለመያዝ የበለጠ ጉልበት ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ነገር የክብደት ማዕከል ነው። ለምሳሌ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 140 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፥ የክብደቱም ማዕከል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፥ መኪናውን ለመገልበጥ ከክብደቱ ጋር እኩል የሆነ የጎን ግፊት ያስፈልጋል፤ ማዕከሉ ወደ 80 ከፍ ቢል ግን ከክብደቱ ስምንት እጅ ሰባቱ ይበቃዋል። ይህን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተምረነው ነበር፤ በፈተናም ላይ መልሰነዋል። ሆኖም ብሎኑን ስናጠብቅ ከመካከላችን አንድም ያሰበው ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ስንጽፍ እናፍራለን።

በሚቀጥለው እሑድ መኪናዋ እንደገና በክሪክ ተነሣች። ከተጨመሩት ሁለት ብረቶች አንዱ ወጣ፤ ሁለተኛው ለጎማው መዞሪያ ያህል እንዲቀር ተደረገ፤ ትልቁ ጎማም አልተለወጠም፤ ዲፈረንሻሉን ከጭቃ የሚያወጣው እርሱ ነውና። ከመቁጠሪያው አጠገብ ከእኛ አንዱ በወረቀት ላይ «80 ማለት 88 ነው» ብሎ ጽፎ ለጠፈላቸው። የወጣውን ብረት ጋሼ ለአንድ አንጥረኛ ሰጥተው ማረሻ አሠሩበት፤ ማረሻውንም በሐምሌ ሌሊት በሬዎቻቸውን ጠምደው ላወጧቸው ገበሬ ወሰዱላቸው።