የማባዛት ሠንጠረዥ

የማባዛት ሠንጠረዥ የሁለት ቁጥሮችን ብዜት በረድፍና በዓምድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 ወይም እስከ 12 ይደርሳል። በኢትዮጵያ በብዙ ደብተሮች የጀርባ ሽፋን ላይ ታትሞ ይገኛል። ሠንጠረዡን በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ማካፈልና ክፍልፋይ ሲመጣበት አዲሱን ትምህርት በመከተል ፈንታ 7 ሲባዛ በ8 ስንት እንደሆነ ሲቆጥር ጊዜው ያልቅበታል።

ሠንጠረዡ ጥንታዊ ነው። ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት የባቢሎን ተማሪዎች በሸክላ ጽላት ላይ ይጽፉት ነበር።

== ከ100 ወደ 15 ==

እስከ 10 ያለው ሠንጠረዥ 100 ውጤቶች ስላሉት ለሕፃን ብዙ ይመስላል። ሆኖም ቁጥሮቹ ቦታ ቢቀያየሩ ውጤቱ አይለወጥም። ይህን በቆርኪ ማሳየት ይቻላል፦ 4 ቆርኪ ያላቸው 3 ረድፎች ከጎን ሲታዩ 3 ቆርኪ ያላቸው 4 ረድፎች ናቸው፤ በሁለቱም በኩል 12 ነው። በዚህ ብቻ 100ው ወደ 55 ይወርዳል። የ1 እና የ10 ብዜት ጥናት አይፈልግም፤ 36 ይቀራል። የ2 እጥፍ ማድረግ ነው፣ የ5 ደግሞ በ0 ወይም በ5 ስለሚያልቅ ቶሎ ይለመዳል፤ 21 ይቀራል።

የ9 ብዜት በጣት ይገኛል። 9 ሲባዛ በ4 ለማግኘት አሥሩ ጣቶች ተዘርግተው ከግራ 4ኛው ይታጠፋል። ከታጠፈው በስተግራ 3፣ በስተቀኝ 6 ጣቶች ስለሚቀሩ መልሱ 36 ነው። እንግዲህ በደንብ መጠናት ያለባቸው 15 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎችን የሚያስቸግረው 7 ሲባዛ በ8 ነው፤ ነገር ግን 7 ሲባዛ በ4 28 መሆኑን የሚያውቅ ልጅ 28ን እጥፍ አድርጎ 56 ላይ ይደርሳል።

== ልምምድ ==

በዜማ በቅደም ተከተል መድገም የተለመደ ነው፤ ለመጀመሪያ ትውውቅም ይጠቅማል። ችግሩ እንዲህ ብቻ ያጠና ልጅ በመካከል ሲጠየቅ ከመጀመሪያው መነሣቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ቀላቅሎ፣ መልሱን ሸፍኖ፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ መጠየቅ ይሻላል። በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይበቃል።

በእንግሊዝ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ8 እና የ9 ዓመት ተማሪዎች በኮምፒውተር 25 የማባዛት ጥያቄዎች ይቀርቡላቸዋል፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው 6 ሰከንድ ነው። እንዲህ ያለው ፍጥነት ልጁ የብዜትን ትርጉም ከተረዳ በኋላ የሚመጣ እንጂ መነሻ አይደለም።

== በእጥፍና በግማሽ ማባዛት ==

ሠንጠረዡን ሳይዙ ማባዛትም ይቻላል። በአንዳንድ የውጭ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባለው ዘዴ እጥፍ፣ ግማሽና መደመርን ብቻ ይጠይቃል። ለምሳሌ 13 ሲባዛ በ24፦ 13 ትርፉ እየተጣለ ሲገመስ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል። 24 እጥፍ እየሆነ ሲሄድ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይሆናል። በግራ ጎደሎ ቁጥር ካለባቸው ረድፎች 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሰጣሉ። ኮምፒውተር በ0 እና በ1 የተጻፉ ቁጥሮችን የሚያባዛበት መሠረታዊ መንገድም ይኸው ነው።