የጥይት ኮሮጆ

ባለፈው ሐምሌ እንግሊዝ አገር የሚኖር ወዳጄ «ና፣ የሚገርም ነገር ላሳይህ» ብሎ አንድ ሜዳ ላይ ወሰደኝ። ቀይ ኮት የለበሱ ጎልማሶች ተሰልፈው እንደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ወታደር ይተኩሳሉ። እኔን የሳበኝ ግን ተኩሱ አልነበረም፤ ድንኳን ሥር ቁጭ ብለው ቆዳ በወስፌ የሚበሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የሚሠሩት የጥንት የእንግሊዝ ወታደር በቀኝ ዳሌው ላይ ያንጠለጥለው የነበረውን የጥይት ኮሮጆ ነው።

ኮሮጆ መስፋት ምን ይከብዳል? እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራውን ቤስ የሚባለው የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። ጥይቱ ባሩድና አረር የተጠቀለለበት ወረቀት ነበር፤ ወታደሩ ጫፉን በጥርሱ ይነክስና ይጨምራል። (መቅደላ የመጡት የናፒየር እንግሊዛውያን ወታደሮች በ1860 ዓ.ም. ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ታጥቀው ስለነበር ይሄ የመንከስ ጣጣ ቀርቶላቸዋል።) ወረቀት ደግሞ ውኃ ጠላቱ ነው። ስለዚህ ኮሮጆው ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ግንድ ይገባል፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ጥይት። ከላይ ሰፊ የቆዳ ክዳን ይደፋበታል። ያ ክዳን ከሳሳ ወታደሩ የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን ዱላ ነው።

ይሄን ለማመን የአሜሪካኖቹን መከራ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1777 ፊላደልፊያ አጠገብ የዋሽንግተን ጦርና የእንግሊዝ ጦር ሊገጥሙ ሲሉ ዶፍ ዝናብ ወረደ። የመድፈኞቹ አዛዥ ሄንሪ ኖክስ እንደጻፈው ወደ 400,000 የሚጠጋ ጥይት ራሰ፤ ጥፋቱንም ያላከከው በኮሮጆዎቹ መጥፎነት ላይ ነው። ዋሽንግተን ጦሩን ይዞ ማፈግፈግ ግድ ሆነበት።

አዛውንቱን የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው። «የእንግሊዝ ወታደር ኮሮጆ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ጠመንጃውን የሚያድለው መንግሥት ሲሆን ቀበቶውንና ኮሮጆውን የሚያቀርበው የክፍለ ጦሩ ኮሎኔል ነበር፤ እሱም ለነጋዴ ኮንትራት ይሰጣል። (ከአልባሳቱ ሒሳብ የተረፈው ለኮሎኔሉ ኪስ ነበር። ይሄ ነገር አዲስ አይደለም ማለት ነው!) ስለዚህ አንዱ 18 ቀዳዳ፣ ሌላው 29፣ ሌላው 36። ቅጂ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ «የየትኛው ክፍለ ጦር? የየትኛው ዓመት?» ብሎ መነሳት አለበት። ዋናው ደግሞ የለም። ወታደሩ እስኪበጣጠስ ለብሶት ተጥሏል። የቀረው በየሙዚየሙ ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1751 ገደማ ዴቪድ ሞሪየር የሣላቸው የወታደር ሥዕሎችም አሉ።

ቆዳውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የዛሬ ቆዳ አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው፤ ያ ዘዴ ገበያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ዴቨን ውስጥ ኮሊተን በምትባል ከተማ ዛሬም በኦክ ቅርፊት የሚያለፉ አሉ፤ አንድ ወፍራም ቆዳ ከዓመት በላይ ይቆይባቸዋል። አዛውንቱ ያንን ይገዛሉ፤ ሰም የተቀባ የተልባ ክር በሁለት መርፌ ከወዲያና ከወዲህ በአንዱ ቀዳዳ እያሳለፉ ይሰፋሉ። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። አንድ ጠማማ ስፌት ሲያገኙ ፈትተው እንደገና ጀመሩት። ማንም አያይባቸውም እኮ!

እኔም በተራዬ የአያቴን ዝናር አነሳሁ። እቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው፤ አያቴ ማይጨው ላይ ታጥቀውት ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩ ይተረካል። አዛውንቱ ወስፌያቸውን አስቀምጠው በጉጉት ሰሙኝ። ከዚያ «ማን ሠራው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛ ሰፈር ግን፣ እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው ቡና የሚጠጣው በለየለት ሲኒ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የአባባን ዝናር ማን ነበር የሠራው?»

«ፋቂው ነዋ።»

«ስሙስ?»

«ምን አውቄ ልጄ? ፋቂው ነበር የምንለው።»