ከአንገቷ የማይወርድ ቁልፍ

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የማወጋችሁ የጎረቤታችንን ነገር ነው። ኮተቤ፣ እኛ ግቢ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ይዛ የገባች እናት ነበረች። ልጁ አይናገርም፣ ቢጠሩትም ዞር አይልም፤ ብቻ የለስላሳ ቆርኪ ከደጃፉ እስከ ቧንቧው ድረስ ይደረድራል፣ አንዷ ከተነካችበትም ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። በር ተከፍቶ ካገኘ ደግሞ ወደ አስፋልቱ ይሮጣልና፣ እናቱ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራ ነበር የምትውለው፤ ስትተኛም አታወልቀውም። ተኛች ካልን ነው፤ ልጁ ሌሊቱን አያሸልብም።

ሐኪም ኦቲዝም ነው አላት፣ መንደሩ እርግማን ነው አለ። እሷም ጠበል ወሰደችው፣ ከዚያም ሆስፒታል አመላለሰችው፣ በዚያ በሐምሌ ዝናብ ነጠላዋን አልብሳው ሚኒባስ ትጠብቃለች፣ ከተሳፈሩም በኋላ ልጁ በጥሩምባ ደንግጦ ሲጮኽ «ሴትዮ፣ አትቀጪውም?» ይሏታል፣ እሷም ምንም ሳትመልስ ወርዳ የቀረውን መንገድ በእግሯ ትሄደዋለች።

አንድ ቀን እናቴ የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ነገር አነሳችላት። ታስታውሷታላችሁ፤ ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተችው፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ይዛ አደባባይ የወጣችው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመችው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በሞት ያጣናት። ልጅን ከጓዳ ማውጣት ያን ጊዜ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የኖረበት ያውቀዋል። «እሷ ማዕከል እስከ ማቆም የደረሰችው» አለች እናቴ፣ «ይህ ሸክም የአንዲት እናት ጫንቃ ብቻ የሚችለው ባይሆን አይደል?»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ከሰዓት ከሰዓት በርጩማዋን ይዛ ልጁ አጠገብ ትቀመጥ ጀመር። ቆርኪውን አትነካ፣ ስሙን አትጠራ፤ ዝም ብላ ምስር ትለቅማለች። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ አንዲት ቆርኪ አምጥቶ ጉልበቷ ላይ አኖረላት።

ቅዳሜ ዝናቡ አባራ። እናቴ ከሰል ላይ ውሃ ጣደች፣ ከዚያም የሴትዮዋን ሻሽ ፈታች፤ ከፋሲካ ወዲህ ሚዶ ያልነካው ጸጉር ነው። አጠበችላት፣ ቅቤ ቀባቻት፣ ከዚያም በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ሹሩባውን ስትጀምር፣ «ክሩ እየተጠላለፈብኝ ነው፣ አውልቂው» አለቻት።

ሴትዮዋ ቁልፉን ጨብጣ ልጇን አየች፣ ከዚያም እናቴን አየች፣ ከዚያም አወለቀችው። እናቴ ተቀብላ የራሷ አንገት ላይ አጠለቀችው። ሁለተኛው ጉንጉን ሳያልቅ ሴትዮዋ የእናቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እናቴም እግሯ እየደነዘዘ፣ ሚዶውን እንደያዘች፣ እስኪመሽ ንቅንቅ አላለችም።