ሳይንስና ሒሳብን በፈጠራ ማስተማር፦ ከበይነ መረብ እስከ ጥላ መለኪያ ዘንግ

ሳይንስና ሒሳብ በብዙ ተማሪዎች ዘንድ የሚፈሩ የትምህርት ዓይነቶች ናቸው። የፍርሃቱ አንዱ ምንጭ ትምህርቱ የሚቀርብበት መንገድ ነው። ቀመር በሰሌዳ ይጻፋል፤ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጠዋል፤ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ከፈተና በኋላም ይረሳዋል። ቀመሩ ለየትኛው ጥያቄ የተገኘ መልስ እንደኾነ ግን ብዙ ጊዜ ሳይረዳው ያልፋል።

የትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ባደረገው ውጤት መሠረት፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ኾኗል። የዚህ ምክንያቱ ብዙና የተሳሰረ ነው። ኾኖም መምህሩ ነገ ጠዋት ክፍል ሲገባ በራሱ እጅ ሊለውጠው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የማስተማሪያ ዘዴው ነው። ለዚህ የሚያግዙ፣ ያለ ክፍያ የሚገኙ የበይነ መረብ መሣሪያዎችና በአካባቢ ቁሳቁስ የሚሠሩ ሙከራዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

መጀመሪያ ግምት፣ ቀጥሎ ምልከታ

መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ተማሪው ተመልካች ብቻ ከኾነ ከሰሌዳው ትምህርት ብዙም አይለይም። ውጤታማ የሚኾነው ሦስት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሲጠበቁ ነው። በመጀመሪያ ተማሪው ምን እንደሚኾን ይገምታል፤ ግምቱንም በጽሑፍ ያሰፍራል። ቀጥሎ ሙከራውን ያያል ወይም ራሱ ይሠራል። በመጨረሻም ግምቱና ያየው ነገር ለምን እንደተለያዩ ወይም እንደተስማሙ ያብራራል። ግምቱን የጻፈ ተማሪ ውጤቱን ለማወቅ ይጓጓል፤ ስህተቱም የሚያሳፍር ሳይኾን የሚመረመር ጉዳይ ይኾንለታል።

በበይነ መረብ የሚገኙ መሣሪያዎች

ፌት የተሰኘው የምስለ ሙከራዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። መሥራቹ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2001 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ ናቸው። በስብስቡ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሒሳብ ሙከራዎች ይገኛሉ፤ ወደ አማርኛ የተተረጎሙም አሉ። ለምሳሌ በኤሌክትሪክ ዑደት ሙከራው ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በስክሪን ላይ ያገናኛል። መምህሩ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች በተከታታይ ቢገናኙ የትኛው ይበልጥ እንደሚያበራ አስቀድሞ ይጠይቃል። ኤሌክትሪክ በመንገዱ እያለቀ የሚሄድ የሚመስላቸው ተማሪዎች የመጀመሪያውን አምፖል ይመርጣሉ። ሙከራው ግን ሁለቱም እኩል እንደሚያበሩ ያሳያል። የክፍሉ ውይይት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ለሒሳብ ጂኦጂብራ ይጠቅማል። ማርኩስ ሆኸንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ይህ ሶፍትዌር፣ ቅርጾችንና ግራፎችን በጣት ወይም በመዳፊት እያንቀሳቀሱ ለመመርመር ያስችላል። ተማሪው በክብ ዲያሜትር ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ፣ ሦስተኛውን ነጥብ በክቡ ዙሪያ ሲያንቀሳቅስ ማዕዘኑ ዘወትር 90 ዲግሪ ኾኖ ያገኘዋል። ሶፍትዌሩ እውነታውን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ማረጋገጫውን በወረቀት ላይ መሥራት የተማሪው ድርሻ ነው።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች ደግሞ፣ ሕጻናት የትዕዛዝ ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚጽፉበት ነው። የአማርኛ ገጽታም አለው። ተማሪዎች ገጸ ባሕርይዋ ድመት እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን እንድትስል ሲታዘዙ፣ ብዙዎቹ በየጥጉ 60 ዲግሪ እንድትዞር ያደርጋሉ። ስዕሉ ግን ሳይዘጋ ይቀራል፤ ትዕዛዙ መደጋገሙን ቢቀጥል ስድስት ጎን ያለው ቅርጽ ይኾናል። ትክክለኛው መዞሪያ 120 ዲግሪ መኾኑን ሲደርሱበት፣ የውጭና የውስጥ ማዕዘንን ልዩነት ከስህተታቸው ተነሥተው ይማራሉ።

ካን አካዳሚም በተንቀሳቃሽ ምስል ከሚያቀርባቸው ማብራሪያዎች ባሻገር፣ ደረጃ በደረጃ የሚከብዱ መልመጃዎች አሉት። መምህሩ ተማሪው የቱ ጋር እንደተሰናከለ ለመለየት ሊጠቀምባቸው ይችላል።

በይነ መረብ በሌለበት

በርካታ ትምህርት ቤቶች የበይነ መረብ አገልግሎት የላቸውም፤ ያላቸውም ቢኾኑ መቆራረጥ ያጋጥማቸዋል። ይህ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። አዳዲሶቹን የፌት ሙከራዎች አንድ ጊዜ አውርዶ በኮምፒውተር ወይም በፍላሽ መያዝና ያለ ግንኙነት መጠቀም ይቻላል። ጂኦጂብራና ስክራችም በመሣሪያ ላይ ተጭነው የሚሠሩ ቅጂዎች አሏቸው።

ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ያዘጋጀው ኮሊብሪ በተለይ ለዚህ ችግር የታሰበ ነው። ግንኙነት ባለበት ቦታ ትምህርቶቹ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይወርዳሉ። ኮምፒውተሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ከተወሰደ በኋላ፣ በአቅራቢያው ያሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአካባቢያዊ ዋይፋይ ተገናኝተው ይጠቀሙበታል። የካን አካዳሚና የፌት ይዘቶችም ይገኙበታል። አንድ ስልክ ብቻ ባለበት ክፍል ደግሞ ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው ግምታቸውን ይጽፋሉ፤ መምህሩም ስልኩን ይዞ በየቡድኑ እየዞረ ውጤቱን ያሳያል።

አካባቢው ራሱ ቤተ ሙከራ ነው

ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የነበረው ቤተ ሙከራ የተማሪው አካባቢ ነው። ኢትዮጵያ በሐሩር ክልል የምትገኝ በመኾኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ትክክል ታልፋለች። በደብረ ማርቆስ ይህ የሚኾነው ሚያዝያ 9 እና ነሐሴ 20 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። ነሐሴ ደመና የሚበዛበት ስለኾነ ሚያዝያ ለሙከራው ይመረጣል።

ጎንደር ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ከሞላ ጎደል በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ፣ በአየር መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በዚያው ቀንና ሰዓት በጎንደር የ1 ሜትር ዘንግ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ይህም 2.3 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ነው። 360 ለ2.3 ተካፍሎ በ250 ሲባዛ የምድር ዙሪያ 39 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ኾኖ ይገኛል፤ ትክክለኛው ልክ 40 ሺህ ያህል ነው። ከ2 ሺህ 200 ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ በግብፅ ምድርን የለካው በዚሁ መንገድ ነው። የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች የሚያስፈልጓቸው ዘንግ፣ ቱንቢ፣ ማስመሪያና አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ናቸው። የጥላው ጠርዝ ደብዛዛ በመኾኑ የሚፈጠረው ስህተትም ስለ ልኬት ትክክለኛነት ለመወያየት መልካም አጋጣሚ ነው።

ወጥ ቤቱም ጥያቄ አያጣም። በደብረ ብርሃን ንፍሮ ከመተማ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ለምንድን ነው? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ፣ መተማ ደግሞ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በደብረ ብርሃን በ91፣ በመተማ በ98 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። የፈላ ውኃ ሁሉ እኩል ትኩስ የሚመስለው ተማሪ ግምቱን እንደገና ይመረምራል።

በሒሳብ ረገድ፣ በብዙ ጽሑፎች “የኢትዮጵያ ማባዣ” እየተባለ የሚጠራው የግማሽና የእጥፍ ስሌት ለክፍል የሚመች ነው። ተመሳሳይ ዘዴ በጥንታዊ ግብፅም ይታወቅ ነበር። 13ን በ24 ለማባዛት 13 በተደጋጋሚ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀሪው ይጣላል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በትይዩ 24 በየደረጃው እጥፍ ይኾናል፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ተጋማሽ ከኾነው ከ6 ትይዩ ያለው 48 ይሰረዛል፤ የቀሩት ሲደመሩ 312 ይኾናሉ። ምስጢሩ 13 የ1፣ የ4 እና የ8 ድምር መኾኑ ነው። ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት የሁለትዮሽ አቆጣጠርም በዚሁ መርሕ ይሠራል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

በጥላ ሙከራ ጊዜ ተማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ጥላው እንጂ ወደ ፀሐይ ማቅናት የለባቸውም። በምስለ ሙከራ ላይ የሚታዩ የኤሌክትሪክ ግንኙነቶችም በግድግዳ ሶኬት መሞከር የለባቸውም፤ ለክፍል ሙከራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ በቂ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩ “አስደናቂ” ሙከራዎችን መምህሩ አስቀድሞ ብቻውን ሳይሞክራቸው ለክፍል ማቅረብ አይገባውም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመርም አድካሚ ነው። በወር አንድ ርዕስ መርጦ፣ አንድ ጥሩ ጥያቄ አዘጋጅቶ፣ የተማሪዎችን ግምት በሰሌዳ ላይ አስፍሮ መነሣት ይበቃል። ለውጡ የሚለካውም ክፍሉ በተጠቀመበት መሣሪያ ብዛት ሳይኾን፣ “መልሱ ስንት ነው?” ይል የነበረ ተማሪ “ለምን እንዲህ ኾነ?” ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ነው።