መሐንዲሱ ወደ ትምህርት ገበታ ሲመለስ፦ የቴክኖሎጂ አመራር የድኅረ ምረቃ ትምህርት አጀማመርና ለሥራ ዕድገት ያለው ጥቅም

አንድ መሐንዲስ ከኮሌጅ ወጥቶ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የሚገጥሙት ጥያቄዎች በአብዛኛው የቁስ ጥያቄዎች ናቸው። ድልድዩ ስንት ቶን ይሸከማል? ሞተሩስ ምን ያህል ሙቀት ይችላል? ዓመታት እያለፉ ኃላፊነቱም እየሰፋ ሲሄድ ግን ጥያቄዎቹ ይለወጣሉ። ሥራው በስንት ገንዘብና በስንት ጊዜ ይጠናቀቃል? የተለያየ ሙያ ያላቸው ሠራተኞችስ እንዴት ተግባብተው ይሠራሉ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የመጀመሪያው ዲግሪ እምብዛም አያዘጋጀውም። የቴክኖሎጂ አመራር የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክፍተቱን ቀደም ብለው ካመለከቱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ታውን ናቸው። የቁልፍ ፋብሪካ ያስተዳድሩ የነበሩት ታውን በ1886 በቺካጎ ለተሰበሰበው የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የፋብሪካ አስተዳደር ከምሕንድስናው የማያንስ ክብደት ያለው ሙያ መሆኑን አስረዱ። ይህ አስተሳሰብ ወደ ትምህርት ቤት የገባው ግን ውሎ አድሮ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1914 የምሕንድስና አስተዳደር ትምህርት ጀመረ። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ የሥራን ዓለም ገና ያላዩ ወጣቶች ስለ ነበሩ ስለ አመራር የሚሰጣቸውን ትምህርት ከገዛ ልምዳቸው ጋር ሊያመዛዝኑት አይችሉም ነበር።

ከዚያ የተለየው እርምጃ የተወሰደው በ1931 ነው። ከዚያው ኢንስቲትዩት በ1895 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቀው በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የሆኑት አልፍሬድ ስሎን በሰጡት ድጋፍ፣ በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የሚሆን ፕሮግራም ተቋቋመ። በድርጅታቸው የተመረጡ ባለሙያዎች አንድ ዓመት ከሥራ ተለይተው ይማራሉ፤ ከዚያም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በ1981 ደግሞ የኢንስቲትዩቱ የምሕንድስናና የሥራ አመራር ትምህርት ቤቶች በመተባበር በቴክኖሎጂ አመራር ራሱን የቻለ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ከፈቱ።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጥቅም በሁለት ሰዎች የሥራ ታሪክ ሊታይ ይችላል። ፊሊፕ ኮንዲትና አላን ሙላሊ ሁለቱም በበረራ ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ይዘው፣ ኮንዲት በ1965፣ ሙላሊ በ1969 በቦይንግ ኩባንያ ተቀጠሩ። በቴክኒክ ዕውቀት የሚጎድላቸው አልነበረም። ሆኖም ኮንዲት በ1975፣ ሙላሊም በ1982፣ ሁለቱም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ካገለገሉ በኋላ፣ በስሎን ስም ከሚጠራው ፕሮግራም በሥራ አመራር ሌላ የሁለተኛ ዲግሪ ተቀበሉ።

የቦይንግ 777 አውሮፕላን ሥራ በ1990 በይፋ ሲጀመር የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኮንዲት ነበሩ። በ1992 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ቦታቸውን ሙላሊ ተረከቡ። ቀድሞ ንድፍ አውጪው ሥራውን ጨርሶ ለፋብሪካው ያስረክብ ነበር፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በ777 ግን ንድፍ አውጪውና አምራቹ፣ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ከ200 በላይ በሆኑ ቡድኖች ተደራጅተው ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረው ሠሩ። ገዥዎቹ አየር መንገዶችም ሐሳባቸውን እንዲያካፍሉ ተደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 ጀምሮ ያበረረው ይህ አውሮፕላን በ1995 አገልግሎት ሲጀምር፣ የአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ሥራ ውጤት በስሌት ብቻ ሳይሆን በሰዎች አደረጃጀትም እንደሚወሰን አሳይቷል።

ሙላሊ በ2006 ወደ ፎርድ የመኪና ኩባንያ ተዛወሩ። ኩባንያው በዚያ ዓመት ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። የክፍል ኃላፊዎች ግን በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሁሉም ነገር ደኅና መሆኑን የሚገልጽ አረንጓዴ ምልክት ያቀርቡ ነበር። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ የሥራውን መሰናከል የሚያመለክት ቀይ ምልክት ይዞ በቀረበ ጊዜ ሙላሊ በመቆጣት ፈንታ አጨበጨቡለት። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ችግራቸውን መግለጥ ጀመሩ።

ይሁን እንጂ ዲግሪው ብቻውን ይህን ሁሉ አስገኘ ማለት አይቻልም። ኮንዲት ራሳቸው፣ ኩባንያቸው ከመከላከያ ግዥ ጋር በተያያዘ ቅሌት በተወቀሰበት ወቅት፣ በ2003 ከሥልጣናቸው ለቀዋል። ትምህርቱ የኃላፊነትን በር ሊከፍት ይችላል፤ ከገቡ በኋላ የሚጠየቀውን ጥንቃቄ ግን አይተካም።

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና ለዕቅድ ባለሙያዎች ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የአመራር ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመው ተማሪው የራሱን የሥራ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ የምሕንድስና ዕውቀት ተጨማሪ እንጂ ምትክ መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ አሠሪው ድርጅት ሠራተኛውን ለትምህርት ሲልክ ሲመለስ የሚሠራበትን ቦታ አስቀድሞ ሊያስብለት ይገባል። የተማረው መሐንዲስ ወደ ቀድሞ ጠረጴዛው ብቻ ከተመለሰ፣ ሰውየው ዓመቱን፣ ድርጅቱም ገንዘቡን በከንቱ አጥፍተዋል ማለት ነው።