«ደስታ» የተባለው በሽታና የሰበታ ጥጆች

በግና ፍየል የሚፈጅ አንድ በሽታ አለ። የእንስሳት ሐኪሞቻችን «ደስታ መሰል በሽታ» ይሉታል። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ የከተማ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ደስታን የሚመስል በሽታ ምን ዓይነት ነው? ነገሩ እንዲህ ነው፤ «ደስታ» ራሱ የበሽታ ስም ነበር። ፈረንጆች ሪንደርፔስት የሚሉት፣ አንድ በረት ከገባ ከብቱን ጠራርጎ የሚሄደው የከብት ወረርሽኝ በአማርኛ ስሙ ደስታ ነው። አባቶቻችን መዓቱን በክፉ ስሙ ላለመጥራት ሲሉ እንዲህ የሰየሙት ይመስለኛል። የበጉና የፍየሉ በሽታ የዚሁ ዘመድ ስለሆነ «መሰል» ተባለ። ዋናው ደስታ ግን ዛሬ በምድር ላይ የለም።

እንዴት እንደመጣና እንዴት እንደጠፋ የሚናገረው ጥናት በአንድ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ግማሹን የጻፉት የታሪክ ሰዎች ናቸው፤ ሌላውን የቫይረስ አጥኚዎች፣ የቀረውን ደግሞ ከአርብቶ አደር ጋር የከረሙ የእንስሳት ሐኪሞች ጽፈውታል። እኔ ጽሑፎቹን ጎን ለጎን ሳነብ የታየኝ ነገር ቢኖር፣ መንገዶቹ ሁሉ ዞረው ዞረው አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች፣ በተለይም በሰበታ፣ መገናኘታቸው ነው።

ከታሪኩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ ለሰፈረው ጦራቸው ከባሕር ማዶ ከብት አስመጡ፤ በሽታው ከዚያው ከብት ጋር እንደገባ በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይነገራል። ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ፣ ትግራይን አቋረጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ሸዋ ደረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በዚህ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ዘመን ከየጉዞ ማስታወሻው፣ ከሚሲዮናውያን ደብዳቤና ከዜና መዋዕሉ ለቅመው በአንድ ያሰባሰቡት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት እኚህ ሰው ጽሑፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት በሕክምና ታሪክ መጽሔት ላይ ነው። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ረሃቡ ዝናብ ስለቀረ ብቻ የመጣ ሳይሆን የበሽታ ልጅ መሆኑን ማሳየት ነበረባቸው። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናቡ ቢዘንብለት ምን ያደርጋል? ጤፍ ደጋግሞ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ በዶማ የሚቆፈረው ማሳ ከቤት ጓሮ አይበልጥም። ስለዚህ ረሃቡ የጀመረው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን በረት ውስጥ ነው። ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይናገሩ ነበር። ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ ቢሆንም አንድም ምስክር ጉዳቱን አቅልሎ አልጻፈም።

ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው፤ እንግዲህ በክፉው ቀን መካከል መሆኑ ነው። ከእንጦጦ ሸንተረር ወደ ሰሜን ቢመለከቱ የሱሉልታ ረግረጋማ ሜዳ ይታያል። ዛሬም ሣሩ ታጭዶ፣ ታስሮ ለከተማው ከብት የሚሸጥበት የግጦሽ አገር ነው። ያን ጊዜ የቱለማ ኦሮሞ ከብት ይሞላው የነበረው ይህ ሜዳ ባዶውን ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጎተራቸውን ከፍተው እህል ማደላቸው፣ መቆፈር ውርደት እንዳልሆነ ለመኳንንቱና ለወታደሩ ለማሳየት ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው ተጽፏል። ይህን ብዙ ጊዜ እናወሳዋለን። ብዙ ጊዜ የማናወሳው ደግሞ አለ፤ የሸዋ በረት እንደገና የሞላው በእርባታ ብቻ ሳይሆን በዘመቻም ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በወላይታ ዘመቻ እጅግ ብዙ ከብት ተማርኮ ወደ ሰሜን ተነድቷል። የአንዱ አገር ማገገም የሌላው ጥፋት ሆነ ማለት ነው።

በሽታው በዚህ አላበቃም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1897 የአፍሪካን ጫፍ ኬፕን አዳረሰ።

የቫይረስ አጥኚዎች በበኩላቸው ደስታ የኩፍኝ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ካወቁ ቆይተዋል። መቼ ተለያዩ የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1912 በርሊን ውስጥ በኩፍኝ የሞተች የሁለት ዓመት ሕፃን ሳንባ በፎርማሊን ተዘፍዝፎ በሙዚየም ተቀምጦ ነበር። ተመራማሪዎች ከዚያ ሳንባ የቫይረሱን ዘር አውጥተው አነበቡና እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱን አሳተሙ፤ ሁለቱ ቫይረሶች የተለያዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ግድም ነው አሉ። ልጆቻችንን የምናስከትብበት ኩፍኝ፣ ሰው ከከብት ጋር አብሮ ከመኖሩ የተረፈ ዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ማጥፋቱ ሥራ ስንመጣ፣ ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ አስተማማኝ ክትባት ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች የጋራ ዘመቻ ተካሄደ፣ በሽታው ተዳከመ፤ ጥበቃው ሲላላ ግን ተመልሶ አገረሸ። ችግሩ ክትባቱ በረዶ የሚፈልግ መሆኑ ነበር። በረዶ ይዞ አፋር በረሃ የሚገባ መኪና ደግሞ ከብቱ ካለበት አይደርስም። በኋላ ጄፍሪ ማሪነር የተባለ አሜሪካዊ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሃያ ያህል አፋሮች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ይዘው በእግራቸው ከመንጋው ጋር እየተጓዙ ከ70 ሺ በላይ ከብት ከተቡ። በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የተማረው ሰው ያልደረሰበትን ቦታ፣ የትኛው መንጋ የት ውኃ እንደሚጠጣ የሚያውቀው አርብቶ አደር ደረሰበት። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ «ጠፍቷል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከየአገሩ የተቀዳ የከብት ደም ሰበታ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ እየተመረመረ ማስረጃው ተጠናቀረ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

የሰበታው ላብራቶሪ ግን ሥራ አልፈታም። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡት መካከል ናቸው። የወተቱ ላም በአብዛኛው የፈረንጅ ዝርያ ወይም ድቅል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ያህል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ ነበር። የአገሬው ላም የማትሰጠውን ወተት ሰጡ። ይሁንና በአንድ ጣራ ሥር ታጉረው ሲኖሩ ሌላ በሽታ ተመቻቸው፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳ።

አክሊሉ ለማ በ1966 እ.ኤ.አ. የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ጎበና አመኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተመረመሩት የፈረንጅ ዝርያ ላሞች 22 ከመቶ፣ ከአገሬዎቹ ደግሞ 12 ከመቶ ገደማ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። በ2012 የወጣው ሌላ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች 88 የወተት እርባታዎችን ፈተሸ፤ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ በሽታው አለ፣ ከላሞቹም 30 ከመቶው ተይዘዋል። አስደንጋጭ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ወተቱን የምንጠጣው እኛስ? አገራችን በአንገት ንፊፊት መልክ የሚወጣ ቲቢ ከብዙ አገሮች ይልቅ ይበዛባታል፤ ለዘመናት ጥፋተኛ ስትባል የኖረችውም ላሟ ናት። የአርመር ሐንሰን ተቋም ሰዎች ያሉበት ቡድን ከ964 ሕሙማን የተገኘውን ተሕዋስ ዘር ለይቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጣ። የከብቱ ዓይነት የተገኘው በአራቱ ብቻ ነው። ንፊፊቱም ቢሆን በአብዛኛው ሰው ለሰው የሚሰጠው በሽታ ሆነ። በነገራችን ላይ በዚሁ ጥናት ወልድያ አካባቢ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይታይ የቲቢ ዘር ተገኝቶ «አይቲዮፕስ ቬቱስ»፣ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ እንደማለት፣ የሚል ስም ቀርቦለታል። ውጤቱ ጥሬ ወተት ጠጡ ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ፤ በጥሬ ወተት የሚመጣው በሽታ ቲቢ ብቻ አይደለም።

ያም ሆነ ይህ ላሞቹ ታመዋል። በአውሮፓ የተያዘውን ከብት መርምሮ ማረድ፣ ለባለቤቱም ካሳ መክፈል የተለመደ መፍትሔ ነው። እዚህ ግን በሦስት ላም ቤተሰብ የሚያስተዳድር የቡራዩ ሰው ሁለቱን እረድ ቢባል ምን ይበላል? ካሳ የሚከፍለው ማን ነው? ከዚህ አካባቢ የሚሸጡ ጊደሮች ወደ ክልል ከተሞች ሲጓዙ በሽታውም አብሮ ይጓዛል።

ስለዚህ አበበ ፍሮምሳ፣ ጎበና አመኒ፣ ቪቬክ ካፑርና ባልደረቦቻቸው ሰበታ ላይ ሌላ ነገር ሞከሩ። የሕፃናቱን ክትባት፣ ቢ.ሲ.ጂን፣ ለጥጆች ሰጡ። ካልሜትና ጌራን የተባሉት ፈረንሳውያን ክትባቱን የሠሩት ከላም ከተገኘ የቲቢ ተሕዋስ ነው፤ አሁን ወደ ላም ተመለሰ። የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆች በተፈጥሮ ከታመሙ ላሞች ጋር አንድ ዓመት እንዲኖሩ ተደረገ። ከዚያም እነዚያው ጥጆች ካልተከተቡ አዳዲስ ጥጆች ጋር ሌላ አንድ ዓመት አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ በተባለው ታዋቂ መጽሔት የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ተከትቦ የታመመ ጥጃ እንኳ በሽታውን የማስተላለፍ ኃይሉ በ74 ከመቶ ይቀንሳል፤ የክትባቱ አጠቃላይ ጥቅም 89 ከመቶ ደርሷል።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። የተከተበ ጥጃ በተለመደው የቆዳ ምርመራ ሲፈተሽ እንደታመመ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ክትባቱ ወደ በረቱ ከመግባቱ በፊት የተከተበውን ከታመመው የሚለይ ሌላ መመርመሪያ አብሮት መቅረብ አለበት። የሱሉልታው ወተት አቅራቢ ደግሞ ስለ ሁለቱም የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ ስንት ብር?